ሃያ ስድስት ወይስ ሃያ ሰባት

ጦሳ የለበሰው ጉም ገና ሳይገለጥ፣
ሰልፍ ላይ ቆመናል፣ ጥርስ ከጥርስ ሲላተም፣ ጉልበት ሲንቀጠቀጥ።
ባንዲራው ተሰቅሎ ገመዱ ሲታሰር፣
የሚኒ ሚዲያችን ድምፅ ማጉያ ጀመር፣
መጀመሪያ ማፏጨት፣ ቀጥሎ ማስነጠስ፣
ከዚያ የዘይነባ ድምፅ፣ ጉንፋን የያዘው፣ ለስለስ፦
«እንደምን አደራችሁ። ዛሬ በዚህች ቀን
በአሜሪካ ታሪክ . . .»
ሳቅ አፈነን።

(ስለ አሜሪካ ማን ጠየቃት? እኛ የምንጠብቀው
የሆጤና የወይዘሮ ስሕን ጨዋታ ስንት ለስንት እንዳለቀ ነው።)

መጽሐፉን ያገኘችው ከቤተ መጻሕፍቱ ጓዳ፣
ሽፋኑን አይጥ በልቶት፣ በሲባጎ ተሰፍቶ፣ ከእርጥበት ሲናዳ፤
ለእያንዳንዱ ማለዳ አንድ ገጽ ያስቀመጠ፣
የሞተውን፣ የቆመውን፣ የፈረሰውን ቀን በቀን የመረጠ።

ህዳር ሃያ ሰባት። በነሱ ዲሴምበር ስድስት፤
ሰባት ዓመትና አንድ ውቅያኖስ በመሃላችን የተኛበት።

«በዚህች ቀን ባርነት ከሕጋቸው ተፋቀ፤
ሰው ሰውን መሸጡ በወረቀት አለቀ።»
መምህር አበጋዝ ከሰልፉ ራስ ሆኖ «በወረቀት» የምትለዋን
ድገሚያት አላት።
ደገመችልን።

«በዚህች ቀን አንድ ሰው በስስ ቆርቆሮ ላይ ቀርጾ
የገዛ ድምፁን ሰማ፣ ይላል፣ ከመርፌ ስር ተመልሶ፤
ያለውም ስለ በግ ግልገል ነበር።»
«ስለ በግ?» አለ ከኋላዬ ከድር።

«በዚህች ቀን ያ ረጅም የድንጋይ ሐውልት
አለቀና ጫፉ ላይ አልሙኒየም ደፉበት።
በዚህች ቀን የከሰል ጉድጓድ ፈንድቶ
ከሦስት መቶ ስልሳ በላይ ሰው ቀረ፣ ጠዋት እንደ ወትሮው ገብቶ።
በዚህች ቀን ሰው ሠራሽ ጨረቃ የጫነ ሮኬት
ሁለት ክንድ ያህል ተነሥቶ፣ ተመልሶ ቁጭ አለ፣ በራሱ እሳት።»

እዚህ ላይ ሰልፉ ፈረሰ። ሳቁ ከመስመር መስመር ዘለለ፤
ዳይሬክተሩ ፊሽካ እስኪነፋ ከድር «ቁጭ አለ! ቁጭ አለ!» እያለ።

ዘበኛው ጋሽ ይመር ከበሩ ተነሥቶ፣
ካፖርቱን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ ዱላውን ረስቶ፣
በሰልፎቹ መሃል፣ ሰው በማያልፍበት፣ ቀስ እያለ መጣ።
«ልጄ፣ ይኼ መጽሐፍ ስለ ደሴስ ምን አወጣ?»
ዘይነባ ገጹን በጣቷ ወርዳ፣ ወጥታ፣
«የለም ጋሼ» አለች፣ አንገቷን ደፍታ።

«እናቴ ንብ መሰላት፣ ቀፎውን ጥሎ የሚሄድ፤
አፈር ዘግና ወጣች፣ በትና ልታሳርፈው ከመንገድ።
አውሮፕላን ነበር። የጣልያን።
የአሜሪካኖቹ ሐኪም ቤት፣
ጣሪያው ላይ ቀይ መስቀል ነበረው፣ ከሰማይ እንዲታይ የሳሉት።
ታየ መሰለኝ።
አፈሩ እጇ ላይ እንዳለ ቀረ። እኔም ሆዷ ውስጥ።»

«ቀኑስ?» አለ መምህሩ።
«ህዳር ሃያ ስድስት፣ ሃያ ስምንት ዓመተ ምሕረት። እናቴ ቀን አትስትም።»
«እንግዲያ በአንድ ቀን . . .» ሲል ከድር፣ አላስጨረሱትም።
መምህር አበጋዝ ጣቱን እያጠፈ ቆጠረ፦
«ዘመኑ ዮሐንስ ነው። ሉቃስ ሲወጣ ጳጉሜን ስድስት ነበረ፤
ያ ዓመት አንድ ቀን ዘግይቶ ጀመረ።
የያኔው ሃያ ስድስት፣ የነሱ ስድስት፣
ያችው ናት» አለ፣ «ያችው ዕለት።»

ዘይነባ ከጆሮዋ ኋላ እርሳሷን አወረደች፣
ከጉድጓዱና ከሮኬቱ መሃል፣ በጠባቡ ነጭ ቦታ፣ ጻፈች።
ምን እንደጻፈች አላየሁም። እጇ ከብርዱ የተነሳ ቀልቷል።

ጋሽ ይመር ግን አልሄደም። የሆነ ነገር ከንክኖታል።
ወደ ማይክሮፎኑ ጎንበስ ብሎ፣ ለማን እንደሚናገር ሳያውቅ፣
«ለመሆኑ እነዚያ ከሰል ቆፋሪዎች» አለ በቀስታ፣ ድምፁ ሲደርቅ፣
«ያን ጠዋት ቁርስ በልተው ነበር የወጡ?»

ማንም አልመለሰ። ማጉያው እንደበራ ነው፤
ጥያቄው አጥሩን ዘሎ ወጣ፣ ቁልቁለቱ ወሰደው፣
ቧንቧ ውሃ ድረስ፣ ለዳቦ ከተሰለፉት ዘንድ፣
ከሰሙትም አንዳንዱ ቀና አለ አሉ፣ ሰማዩን ሊያይ እንደ መውደድ።

ያን ድምፅ የቀዳ ቆርቆሮ የለም። እኔ አለሁ፤
ሃያ ስድስት ይሁን ሃያ ሰባት ሁልጊዜ እረሳለሁ፤
ሁለቱንም ቀን፣ ብቻ፣ ቁርስ በልቼ እወጣለሁ።